ረቡዕ ረቡዕ የሚሞተው ድረ ገጽ

ያንን የጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል መስኮት ተመልከቱት። መስተዋቱን ተዉት፤ ከሥሩ ያለውን እንጨት ነው የምላችሁ። ቀለሙ ተልጧል፣ መሃሉ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል። ይህን ያደረገው አናጺ አይደለም፤ ክርን ነው። የታመመ ሰው ለዓመታት ክርኑን አስደግፎ "የኔ ተራ ደረሰ?" እያለ ሲጠይቅ እንጨቱ አለቀ። እንጨት እስኪያልቅ ድረስ ሰው ሲቆም፣ ከመስኮቱ ጀርባ ከተፈራረቁት አለቆች አንዱ እንኳ "ለምን?" አላለም። ሰልፍ እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ ይመስላቸው ነበር።

ሰልፉን የበተነችው የጤና ጣቢያው ብቸኛ ፕሮግራመር ናት። ሥራ ላይ ስትሆን ከንፈሯን ገጥማ እንደ ንብ እምምም ስለምትል ባልደረቦቿ "ንቢት" ይሏታል፤ እኛም በዚሁ እንጥራት። እሷን ብትጠይቋት "እኔ አይደለሁም፤ ማራገቢያው ነው" ትላለች። ማራገቢያው ከተበላሸ ቆይቷል።

ንቢት ያደገችው ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ነው። እናቷ ገና በልጅነቷ ስላረፈች፣ ከትምህርት ቤት መልስ የምትውለው ከአባቷ የስፌት መኪና አጠገብ በጨርቅ ቁርጥራጭ መሃል ተቀምጣ ነበር። ኮምፒውተር የለመደችው በሰፈሩ የጽሕፈት ቤት ለሰው ማመልከቻ እየተየበች ነው። ኮሌጅም ገባች፤ ከኮሌጁ ይልቅ ግን ያስተማራት ለጫማ ቤቱም፣ ለፎቶ ቤቱም፣ ለመኪና መለዋወጫ ሻጩም ድረ ገጽ እየሠራች ከደንበኛ ጋር መጨቃጨቋ ነበር። አፏ ስለት ነው። "ይሄ ቀይ ትንሽ ይቅላ" ያላትን ነጋዴ "ደም ልለግስበት?" ብላ ያሳቀች ሴት ናት። አባትየው ዓይናቸው ሲደክምና ስኳር ሲገኝባቸው ስፌቱን ተዉ፤ እሷም ወር እየጠበቁ የሚከፍሉበት ሥራ ፈለገችና ጤና ጣቢያው ገባች።

እዚያ የሠራችው ሥርዓት ሲያዩት ቀላል ነው። ሕመምተኛው ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልኩ የካርድ ቁጥሩን ያስገባል፤ ገጹ ቀጠሮው መቼና ከየትኛው ሐኪም ጋር እንደሆነ ይነግረዋል፤ በሰዓቱ ይመጣል፣ ይታከማል፣ ይሄዳል። ሥርዓቱ ሥራ በጀመረበት ጧት በሩ ላይ የሚቆመው ዘበኛ ወንበሮቹን ባዶ ቢያገኛቸው ደንግጦ ሮጦ ገባ። "ጄኔራሉ" ይሉታል፤ ወታደር ሆኖ አያውቅም፣ ድምፁ ግን ጦር ያዝዛል።

"ሰዉ የት ሄደ? ወረርሽኝ ገባ እንዴ?"

"ቤቱ ነዋ!" አለችው ንቢት።

"ታዲያ እኔ ማንን ነው የማሰልፈው?" አለ፤ ከልቡ አዝኖ።

እስቲ አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ ካላወቃችሁት የዚህች ሴት ጭንቀት አይገባችሁም። ድረ ገጽ ብቻውን ባዶ ግድግዳ ነው። ስማችሁ፣ ቀጠሯችሁ፣ ሐኪማችሁ ያሉት ዳታቤዝ በሚሉት የመረጃ መዝገብ ውስጥ ነው። ገጹ አንድ ነገር በተጠየቀ ቁጥር ወደ ዳታቤዙ መስመር ይከፍታል፣ ይጠይቃል፣ መልሱን ይቀበላል፣ መስመሩን ይዘጋል። መስመሮቹ ደግሞ እንደ ጤና ጣቢያው ወንበር የተቆጠሩ ናቸው። አንዱ ካልተነሣ ሌላው አይቀመጥም። መስመሩ ሁሉ ከተያዘ ገጹ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ እናንተ የምታዩት ስልካችሁ ላይ የምትሽከረከረውን ያችን የተረገመች ክብ ነው።

ክቧ መሽከርከር የጀመረችው ረቡዕ ቀን ነው። በሚቀጥለውም ረቡዕ። ከዚያም በኋላ ረቡዕ ረቡዕ። ሰኞ ደህና፣ ማክሰኞ ደህና፣ ረቡዕ ረፋዱ ላይ ድርቅ! ረቡዕ የስኳር ሕመምተኞች ቀን ነው፤ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው።

ጤና ጣቢያው ምን አደረገ? መድኃኒት አገኘለት፤ አጥፍቶ ማብራት! ሰርቨሩ፣ ማለትም ገጹንና ዳታቤዙን የሚያሠራው ኮምፒውተር፣ የሚገኘው ካርድ ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም "እትዬ ካርድ" የሚሏት ሠራተኛ ከምትቀመጥበት ጠረጴዛ ሥር ነው። ጄኔራሉ ከበሩ ይጮኻል።

"እትዬ! ሞተ!"

"ገና ነው!"

"ኧረ ሞቷል! ሰውዬው ስልክ ላይ እየዞረ ነው!"

"እሺ፣ ላስነሣው!" ትልና እትዬ ካርድ ጎንበስ ብላ ቁልፉን ትጫነዋለች። ሲጠፋ የተያዘው መስመር ሁሉ ይለቀቃል፤ ሲበራ ገጹ እንደ አዲስ ይሮጣል። ሁሉም ያጨበጭባል፤ እትዬ ካርድም እንደ ቀዶ ሐኪም እጇን ታራግፋለች።

እኔን የሚያሳርረኝ እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው በየሳምንቱ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ራሱን ስቶ ቢወድቅ እነዚህ ሐኪሞች ውሃ ረጭተው "በል ተነሥና ሂድ" ይሉት ነበር? ደሙን ይመረምራሉ፣ ልቡን ያዳምጣሉ፣ ምን በላህ ይሉታል። ማሽን ሲሆን ግን ውሃ መርጨት ሙያ ሆነ! ንቢትንም አልምራትም። እሷም ሥራ ሲበዛባት "ማሽኑ አርጅቶ ነው" ብላ አዲስ ሰርቨር ይገዛ የሚል ማመልከቻ አስገብታ ቁጭ ብላለች።

አዲስ ማሽን አልመጣም። የመጣው የዳይሬክተሩ ውሳኔ ነው። ዳይሬክተሩ ራሱ ሐኪም ነው፤ በሽተኛ ፊት ሲቀመጥ ትዕግሥቱ የሚያስቀና፣ ስብሰባ ላይ ግን ቶሎ መጨረስ የሚወድ ሰው። አንድ ሐሙስ ጧት ንቢትን አስጠራት።

"ልጄ፣ ነገሩን ደረስኩበት" አላት። "ረቡዕ ብቻ ነው የሚሞተው፤ አይደል?"

"አዎ ዶክተር።"

"ረቡዕ የሚመጡት እነማን ናቸው?"

"የስኳር ሕመምተኞቹ።"

"ሽማግሌዎቹ! ስልክ አይችሉም፣ ያገኙትን ይነካካሉ፣ ያበላሹታል። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እነሱ እንደ ድሮው በአካል መጥተው ይሰለፉ። ገጹ ለሌላው ይሁን።"

"ዶክተር፣ ሰው ስልኩን በመነካካት ሰርቨር አይገድልም።"

"ታዲያ ማን ገደለው?"

ንቢት "እስከሚቀጥለው ረቡዕ ጊዜ ይስጡኝ" አለች።

"ይሁን። ረቡዕ ከሞተ ግን 'ሽማግሌዎች ይሰለፉ' የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል።"

ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ረቡዕ ከሚመጡት አንዱ አባቷ ናቸው። በሰልፉ ዘመን ምግብ ሳይቀምሱ ቆመው ስኳራቸው ወርዶ፣ ከመስኮቱ ሥር ተዝለፍልፈው ወድቀው ያውቃሉ። መነጽራቸው ተሰብሮ፣ ግንባራቸው ተሰፍቶ ነበር ቤት የገቡት። "ሰፊ ሲሰፋ አይተሽ ታውቂያለሽ?" ብለው ሊያስቋት ሞከሩ። አልሳቀችም። ገጹን የሠራችው ያን ቀን በልቧ ይዛ ነው። አሁን ደግሞ እዚያው ሰልፍ ሊመልሷቸው ነው፤ ያውም በእሷ ገጽ ሰበብ።

አርብን ሙሉ ኮዱን ስታነብ ዋለች። ምንም የለም። የካርድ ቁጥር እያስገባች ደጋግማ ሞከረችው፤ ገጹ እንደ ውሃ ይፈሳል። ቅዳሜ ከሰዓት ኮምፒውተሯን ይዛ ሳሎን ውስጥ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ እስቲ ቀጠሮህን በስልክህ እይልኝ።"

"ምነው? ሰረዛችሁኝ?"

"አልሰረዝንህም። እንዴት እንደምታይ ልመልከት ብዬ ነው።"

"ፈተና ነው በይኛ!" አሉና አባትየው ተስተካክለው ተቀመጡ። ካርዳቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ኪስ ውስጥ ላብ እየጠጣ የኖረ ካርድ ነው፤ ቁጥሩ ደብዝዟል። ወደ መስኮቱ አቅርበው፣ አርቀው፣ ዘቅዝቀው አዩት።

"ይሄ ሦስት ነው ስምንት?"

"አንተ ምን ይመስልሃል?"

"ዛሬ ስምንት ይመስላል። ባለፈው ሦስት ነበር።"

በአንድ ጣታቸው፣ መርፌ እንደሚያሾልኩ ሁሉ ተጠንቅቀው፣ ስምንት ብለው ሞከሩ። ገጹ 'የካርድ ቁጥሩ ስህተት ነው' አላቸው።

"ባለጌ ነው ይሄ የሠራሽው" አሉ። "ስህተት ነህ ይለኛል፣ በራሴ ቤት!"

"አባዬ፣ ቁጥሩን ነው እንጂ አንተን አይደለም።"

"ታዲያ ቁጥሩ የማን ነው?" አሉና አምስት ብለው ሞከሩ። ስህተት። ስድስት፤ ስህተት። በመጨረሻ ሦስት ብለው አገኙትና ስልኩን እንደ ዋንጫ ከፍ አደረጉት። "ይኸው! ጓደኞቼም እንዲሁ ናቸው። የሁላችንም ካርድ አርጅቷል። የቤቱን ቁልፍ ከብዙ ቁልፍ መሃል እንደሚፈልግ ሰው እስኪከፍት ድረስ ሁሉንም እንሞክራለን።"

እምምምታው ቆመ። ንቢት ኮምፒውተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በዚያች ሰዓት ስንት መስመር እንደተያዘ የሚያሳየውን ገጽ ከፈተች።

"አባዬ፣ እንደገና ተሳሳት።"

"ምን?"

"ተሳሳትልኝ!"

"ዕድሜዬን ሙሉ አትሳሳት ስባል ኖሬ፣ ለዚህች ቀን ደረስኩ!" አሉና ዘጠኝ ብለው መቱ።

የተያዙት መስመሮች በአንድ ጨመሩ። ጨምረውም ቀሩ። እንደገና ተሳሳቱ፤ እንደገና ጨመረ፣ አሁንም ቀረ። ትክክለኛውን ሲያስገቡ ግን ብቅ ብሎ ጥፍት አለ። ንቢት አርብን ሙሉ የሞከረችው በትክክለኛ ቁጥር ነበር! መሳሳት እንዴት ብሎ ትዝ ይበላት? የራሷን ገጽ አሳምራ ታውቀዋለች።

ኮዱን ገለጠችው። ከላይ መስመሩ ይከፈታል። ከዚያ ዳታቤዙ ይጠየቃል። ቁጥሩ ካልተገኘ 'ስህተት ነው' ብሎ እዚያው ላይ ይወጣል። መስመሩን የሚዘጋው ትእዛዝ የት ነው ያለው? ከታች! ቁጥሩ የተገኘለት ሰው ብቻ የሚደርስበት ቦታ። ለታደለው ይዘጋል፤ ለተሳሳተው ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ይህ እንደ እሷ ያለ ሰው ብቻ የሚሳሳተው ስህተት ነው። ንቢት ሙያውን የጀመረችው ፒኤችፒ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ፒኤችፒ በዚህ በኩል እንደ እናት ነው፤ መስመሩን መዝጋት ብትረሱ እንኳ ገጹ ሲያበቃ ራሱ ይዘጋላችኋል፣ የበላችሁበትን ሳህን ከፊታችሁ ያነሣል። የጤና ጣቢያው ሥርዓት ግን የተጻፈው ጃቫ በሚባል ሌላ ቋንቋ ነው። ጃቫ ሰርቨሩ ላይ ቀኑን ሙሉ ነቅቶ ይውላል፤ የተዋሳችሁትን መስመር ራሳችሁ ካልመለሳችሁ ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ እንደተያዘ ይኖራል። ይህን መጽሐፉ ላይ አንብባለች፤ ለዚህም ነው ከታች መዝጊያውን የጻፈችው። እጇ ግን ገና እናቱ ቤት እንዳለ ልጅ ነበር። በጎን በር ሲወጣ ሳህኑን አላነሣም።

"እኔ ነኝ!" ብላ ጮኸች።

"ምን ሆንሽ?"

"ገዳዩ እኔ ነኝ አባዬ! የተሳሳተ ሰው ሁሉ ሳያውቀው መስመር ይዞ ይቀራል። ረቡዕ ሁላችሁም እየተሳሳታችሁ ትሞክራላችሁ፤ ረፋዱ ላይ መስመሩ ያልቃል። አለቃዬ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ስልክ አይችሉም፣ እነሱ ናቸው ያበላሹት ይላል።"

አባትየው አሰቡበት። "ማለትም፣ እኔ ከተነሣሁ በኋላ ወንበሩ አሁንም እኔን ተሸክሞ ቁጭ ብሏል?"

"አዎ!"

"እና አለቃሽ የሰደበው እኛን ነው።"

"አዎ።"

"ንገሪው እንጂ!" አሉና ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ጃቫ ለዚህ ዘዴ አለው። መስመሩን ስትከፍቱት በአንድ ቅንፍ ውስጥ ከከፈታችሁት፣ ቁጥሩ ይገኝም አይገኝ፣ መሃል ላይ ሌላ ጉድም ይፍላ፣ ከዚያ ሲወጣ መስመሩ ይዘጋል። ንቢት እሑድን ቁጭ ብላ ገጾቿን አንድ በአንድ እንዲህ አድርጋ ጻፈቻቸው። የመድኃኒት ቤቱም ገጽ፣ የላቦራቶሪውም ገጽ ያው ነበር፤ እዚያ የሚሳሳት ሰው ጥቂት ስለሆነ ሳይታወቅ ቆየ እንጂ።

ሰኞ ጧት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። ይህን ብዙ ሰው አያደርገውም፤ ስለዚህ ልብ በሉልኝ። ዝም ብላ አስተካክላው "ማሽኑን አስታመምኩት" ማለት ትችል ነበር። ማን ያውቅባታል?

"ዶክተር፣ ሽማግሌዎቹ አይደሉም። እኔ ነኝ።"

"አንቺ ምን?"

አስረዳችው። ዳይሬክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። "ስለዚህ እነሱ የሠሩት ጥፋት…"

"የደበዘዘ ካርድ ማንበብ። ካርዱን ደግሞ የሰጠናቸው እኛ ነን።"

"አንቺ ልጅ፣ ጥፋተኛ ነኝ ብለሽ መጥተሽ እኔን ነው እንዴ የምትገሥጪኝ?"

"ሁለቱንም ነው ዶክተር።"

ሊቆጣ አሰበና ሳቀ። "ረቡዕ እናያለን። ያን ቁልፍ ግን ማንም እንዳይነካ!"

ረቡዕ ደረሰ። ረፋዱ ላይ ጤና ጣቢያው በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። እትዬ ካርድ ቁልፉን ለመጫን እጇን እየበላት ሁለት እጆቿ ላይ ተቀመጠችባቸው። ዳይሬክተሩ ብዕር ፍለጋ እየመሰለ በካርድ ክፍሉ በር ተመላለሰ። የንቢት አባት ራሳቸው የሰፉትን ኮት ለብሰው፣ እኩዮቻቸውን አስከትለው መጡና ወንበሮቹን ሞሏቸው።

"ተሳሳቱ እናንተ!" አሉ። "ሳትሰስቱ ተሳሳቱ! ልጄ ፈቅዳለች!"

ሽማግሌዎቹ ስልካቸውን አውጥተው ይሳሳቱ ጀመር። አንዱ "እኔ ሳልፈልግም ያው ነው" አለ፤ ሌላው "ኧረ የኔ በመጀመሪያው ገባ፣ ምን ላድርግ?" ብሎ አፈረ።

"እትዬ!" ጄኔራሉ ከበሩ ጮኸ። "ሞተ?"

"አልሞተም!"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ይተነፍሳል እኮ እልሃለሁ!"

ወዲያው ከጥግ ካሉት አንዱ ስልካቸውን አነሡ። "የኔ ቆመ።"

ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ደረቀ። የእትዬ ካርድ እጅ ከሥሯ ሾልኮ ወደ ቁልፉ ሄደ።

"እንዳትነኪው!" ንቢት ከነወንበሯ ተነሣች። ሮጣ ስልኩን ተቀበለቻቸው፤ አገላበጠችው። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰች። "አባቴ፣ ይሄ እኮ ባትሪው አልቆ ጠፍቶ ነው።"

ሳቁ እስከ መርፌ ክፍል ተሰማ። የተያዙት መስመሮች ብቅ ጥልቅ እያሉ ረፋዱ አለፈ፣ ቀትር ሆነ፣ ገጹ አልሞተም። ዳይሬክተሩ ቢሮው ገብቶ አንድ ወረቀት ይዞ ወጣ፤ ለካስ ማስታወቂያው ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ተዘጋጅቶ ኖሯል። እዚያው ፊታቸው ቀደደው።

"ሰልፉ ቀርቷል። ሁላችሁም እንደ በፊቱ በስልካችሁ" አለ።

የንቢት አባት ተነሡ። "ዶክተር፣ ሰድበውናል ተብሏል።"

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ፤ "ይቅርታ" አለ በዝግታ።

"አልሰማሁም። ጆሮዬም እንደ ዓይኔ ነው።"

"ይቅርታ አድርጉልኝ!" አለ ጮክ ብሎ፣ እየሳቀ።

"አሁን ተሰማ" አሉና ተቀመጡ።

በዚያው ሳምንት ንቢት 'የካርድ ቁጥሩ ስህተት ነው' የሚለውን አረፍተ ነገር አጠፋችው። አሁን ገጹ 'ይህን ቁጥር አላገኘነውም፤ ካርድዎ ደብዝዞ ከሆነ በስምዎና በስልክ ቁጥርዎ ይሞክሩ' ይላል። አባትየው ቀጠሯቸውን ሳሎን ተቀምጠው ያያሉ፤ ቁርሳቸውን በልተው፣ መድኃኒታቸውን ወስደው፣ በሰዓታቸው ይመጣሉ። ቆመው የሚጠብቁት ነገር ቢኖር አውቶቡስ ነው።

እናንተ ድረ ገጽ የምትጽፉ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬውኑ፣ ነገ ሳትሉ፣ የጻፋችሁትን ክፈቱና ሰው ሲሳሳት የሚሄድበትን መንገድ እስከ ጫፉ ሂዱበት፤ መስመሩ እዚያም መዘጋቱን በዓይናችሁ እዩ። ኮድ የማትጽፉትም አትቅሩ፤ አንድ አዛውንት ስልካቸውን ይዘው "እምቢ አለኝ" ሲሏችሁ "ምን ነካክተው ነው?" አትበሏቸው፤ ምን እንዳዩ ጠይቋቸውና ለገጹ ባለቤት ደውላችሁ ንገሩልኝ።